ምድጃ ፍለጋ ወደ ቀራንዮ

ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ ምን አየሽ ይለኛል። ቤተ መንግሥቱን አላየሁም። ትልቁን ገበያ በአውቶቡስ መስኮት አልፌዋለሁ። ያየሁት ኮልፌን ነው፤ ከኮልፌም ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወዲህ ያለ አንድ መንደር፣ በዚያም መንደር አንድ የጭቃ ቤት። ብዙዎቻችሁ ወደዚያ አትሄዱም፤ እኔም ዳግመኛ መሄዴን እንጃ። ስለዚህ ሳይረሳኝ እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ። ቄስ የነበረው አባቴ ዳዊት ሲያስደግመኝ ሴት ልጅ ለምን ታስተምራለህ ይሉት ነበር። ነፍሱን ይማር፤ ዛሬ ጠቀመኝ።

ከተማችንን ለማያውቅ፣ በጎጃም በኩል የዓባይ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሜዳው ላይ ዛፍ ካለቀ ቆይቷል። የቀረው በኪዳነ ምሕረት ግቢ ያለው የጽድ ዛፍ ብቻ ነው። ለማገዶ ወደ ገደሉ እንወርዳለን። ድርቁ ባለፈ በዓመቱ፣ በክረምቱ መውጫ፣ ጎረቤቴ ጥሩነሽ እንጨቷን እንዳዘለች ድንጋይ ከድቷት ወደቀች። ከጽዶቹ ሥር ቀበርናት። እኔ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ገደሉ የምትወርደው ልጄ ደብሪቱ ነበረች። ወጥታ እስክትመለስ እህል በአፌ አይዞርም።

በዚያ ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አያሌው ስብሰባ ጠራ። የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ይቆረጥና ማገዶው ለነዋሪው ይታደል አለ። ክፉ ሰው አይደለም። የጥሩነሽን አስከሬን ከገደሉ ካወጡት አንዱ እሱ ነው።

"ዛፍ ከሰው አይበልጥም" አለ። "ሌላ ሴት እስክትወድቅ ዛፍ ታቅፈን እንቀመጥ?"

 የኪዳነ ምሕረቱ ቄስ አባ ገብረ ኪዳን መስቀላቸውን ይዘው አቀረቀሩ። እኔ ልጄን አሰብኩ፤ ጽዶቹንም አሰብኩ። አያቶቻችን ከሥራቸው ተኝተዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያድን ቃል አጣሁ። የሴቶች ማኅበር ተወካይ ስለነበርኩ ተነሥቼ፣ በአውራጃው ስብሰባ የሰማሁትን ብቻ ተናገርኩ፤ ኮልፌ ውስጥ አንድ ቀበሌ ከእበት በሚወጣ ጋዝና በተዘጋ ምድጃ ማገዶ ያድናል ተብሏል፣ ይታይ አልኩ።

ጓድ አያሌው፣ "እሺ፣ እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ ሄደው ይዩ" አለ። "እስከ ገና እንታገሣለን። የሚረባ ይዘው ከመጡ እንሠራዋለን። ካልሆነ ከገና ማግስት መጥረቢያ ይነሣል።"

መሸኛ ተጻፈልኝ። ወደ ኮልፌው ቀበሌም መልእክት ተላከ።

ሐሙስ

ከደብረ ማርቆስ የመጣው አውቶቡስ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሞልቶ ነበር። ከጎማው በላይ ባለው ወንበር ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። የያዝኩት ቂጣና ቆሎ፣ ነጠላዬን፣ ዳዊቴን፣ በማዳበሪያ ከረጢት ደግሞ አፈር ነው። አፈሩ የጓድ አያሌው ሐሳብ ነበር። ምድጃው የጭቃ ከሆነ በእኛ አፈር መሠራት አለመሠራቱን እዚያው ይሞክሩ ብሎኝ ከጓሮዬ ቆፍሬ ሞላሁት። ደብሪቱ ሸኘችኝ። እስክመለስ ወደ ገደሉ እንዳትወርጂ፣ ያለውን ኩበት አብቃቂ አልኳት። እሺ አለችኝ፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አዙራ ነው።

የዓባይን ቁልቁለት ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ አልነበረም። እኔ "ውዳሴ ማርያም" ደገምኩ። ከፊቴ የነበሩት ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ይዘው በሃይማኖታቸው ይጸልያሉ። ጥሩነሽ የወደቀችበት ገደል በቀኝ በኩል ሲያልፍ አማተብኩ።

ድልድዩ ዘንድ ኬላ አለ። ወርደን ተፈተሽን። አንድ ወጣት ወታደር ከረጢቴን ሲያነሣ ክብደቱ ገረመውና ፈታው።

"እማማ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"አፈር ነው፣ ልጄ።"

"አፈር ተሸክመው አዲስ አበባ?"

ከኋላዬ የቆመ ነጋዴ፣ አዲስ አበባ አፈርም በራሽን ሆኗል ማለት ነው አለ። ሰው ሳቀ። ወታደሩ አልሳቀም። በጣቱ ቆንጥሮ አሸተተውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እምነት ነው?" አለኝ። እምነት ያለው ከቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ለበረከት የሚቀቡትን አፈር ነው። አይደለም፣ የምድጃ ጭቃ ነው አልኩት። ቅር አለው።

"እምነት ቢሆን ትንሽ ይቋጥሩልኛል ብዬ ነበር" አለ። "ሰሞኑን ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው።"

ክርስትና ስሙን ጠየቅሁት። ወልደ ሚካኤል አለኝ። በምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ስምህን አነሣለሁ አልኩት። ከረጢቱን ራሱ መልሶ አሰረና እስከ ወንበሬ ተሸክሞ አደረሰልኝ።

ዳገቱ ላይ የአውቶቡሱ ውኃ ፈላ። ሁላችን ወርደን ከኋላ ተከተልን፤ ወንዶቹ ለጎማው ድንጋይ ያነባብራሉ። ነጋዴው አሁንም አልተወኝም፤ የእማማ አፈር ቢወርድ ኖሮ ይወጣ ነበር ይላል። ግን ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጭ የወረደው እሱ ነው፤ ለመኪናው ከማፍሰሱ በፊትም ለእኔ በጣሳ ቀዳልኝ። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ የነቢያት ጾም ስለሆነ ሽሮ ብቻ በሚሠራ ቤት ምሳ በላን። እንጀራው ከእኛው ይነጣል፤ ሽሮው ግን የእኛ ይሻላል።

ፍቼን፣ ሱሉልታን አልፈን እንጦጦ ላይ ስንወጣ ያየሁትን አልጠበቅሁም። ሴቶች በባሕር ዛፉ መካከል ቅጠልና ጭራሮ አዝለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ግንባራቸው ጉልበታቸውን ሊነካ ደርሶ በመንገዱ ዳር ይወርዳሉ። አዲስ አበባ ሴት እንጨት የምትሸከም አይመስለኝም ነበር። ሁሉም ጥሩነሽን መሰሉኝ።

አውቶቡስ ተራ ወርጄ ወደ ኮልፌ የሚሄደውን ጠየቅሁ። ውይይት የሚሉት ታክሲ አለ፤ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ በሁለት አግዳሚ የሚቀመጥበት ነው። ማንም ግን አይወያይም፤ እኛ አገር እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰላም ያልተባባለ ሰው የተጣላ ነው። የተሳፈርኩት ሌላውን ኖሮ ጦር ኃይሎች አወረደኝ። አደባባዩ ላይ ከረጢቴን ታቅፌ ቆምኩ። ተሳፋሪ የሚጠራው ሰውዬ፣ ዕድሜው የወንድሜን ያህላል፣ እንግዳ መሆኔን አይቶ የሌላ መኪና ሾፌር ጠራና፣ "እኚህን እናት ቀራንዮ መንገድ ላይ፣ ቀበሌው በር ድረስ፤ ፌርማታ ላይ ጥለህ እንዳትሄድ" አለው። በር ድረስ አደረሰኝ።

የተቀበለችኝ የዚያ ቀበሌ የሴቶች ማኅበር ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ናት። እኩያዬ ትሆናለች። ቀጭን ናት፤ ጥቂት ትናገራለች፤ ተስማማን። ለብ ባለ ውኃ እግሬን አጠበችኝ። ጎመንና ተልባ አቀረበችልኝ፤ እንጀራው ጠቆር ያለ ነበር፤ ይቅርታ አልጠየቀችበትም። ይህ ገረመኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ፊት ጥቁር እንጀራ ያቀረበች ሴት ማዕዱ እስኪነሣ ስታሳብብ ነው የምትቆየው። ቤቷ የቀበሌ ቤት ነው፤ ከጣሪያው አምፖል ተንጠልጥሏል። ታዲያ በምን ትጋግራላችሁ አልኳት። በሰጋቱራና በቅጠል አለችኝ። ሰጋቱራ ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚወድቀው ብናኝ ነው። መብራቱ ለዓይን ደርሶ ለምጣድ አልደረሰም።

ዓርብ

ጠዋት አስካለ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ወሰደችኝ። የልማቱን ሥራ የሚመራው ጓድ ከበደ መሸኛዬን አነበበና፣ እናንተ ዘንድ ዝናችን ደርሷል ማለት ነው ብሎ ደስ አለው። መጀመሪያ ከወንዙ በላይ ያለውን ተዳፋት አሳየኝ። ነዋሪው በዘመቻ የተከለው ችግኝ ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ ጽድ፣ ወይራም ጥቂት። ገና ከጉልበት አይበልጥም። እያንዳንዱ ቤት የሚያጠጣው ረድፍ አለው። እኛ አገር ዛፍ የሚያጠጣ ሰው ቢታይ ጤናውን እንጠረጥር ነበር።

ቀጥሎ የእበት ጋዙን። በመዋዕለ ሕፃናቱ ጓሮ ክብ ጉድጓድ በስሚንቶ ተሠርቷል። እበቱ በውኃ ተበጥብጦ ይገባበታል፤ ከላይ ተከድኖ ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደ ወጥ ቤቱ ይሄዳል። ጓድ ከበደ ቧንቧውን ከፍቶ ክብሪት ጫረ። ሰማያዊ ነበልባል ወጣ። ጭስ የለውም። አመድ የለውም። የሕፃናቱ አጥሚት ድስት ጥቁሩ እንኳ አልነካውም። ዕድሜዬን ሙሉ በእሳት ዳር ያለ እንባ ቆሜ አላውቅም። እጄን ዘርግቼ ሞቅሁና ተመስገን አልኩ። በልቤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ደብሪቱን በዚህ እሳት ፊት አቆምኳት።

ጓድ ከበደ ቧንቧውን ዘጋ። ከዚያ፣ "እትዬ፣ ላም ብዙ አላችሁ?" አለኝ።

ድርቁ ብዙ አልተወልንም አልኩት።

"ያለውን እበትስ?"

"ኩበት ጠፍጥፈን እናነደዋለን።"

"ውኃ ቅርብ ነው?"

ከተማችን ውኃ የምትቀዳው ገደሉ ወገብ ላይ ካለ ምንጭ ነው። ይህን ስነግረው አንገቱን ደፋ። እዚህ ዙሪያውን ወተት የሚሸጡ ቤቶች ስላሉ፣ ቦኖውም ደጅ ላይ ስለሆነ ነው የተቻለው አለኝ፤ ይህም ሆኖ ለሕፃናቱ እንጂ ለመንደሩ አልበቃም። "ልዋሽዎት አልፈልግም" አለ። "ሠርታችሁት ባዶ ጉድጓድ ሲሆን ከምታዝኑብኝ ዛሬ ይዘኑ።"

አመሰገንኩት፤ የማይዋሽ ሹም ማግኘትም በረከት ነው። ግን ወደ አስካለ ቤት ስንመለስ መንገዱ ላይ ጽድ ባየሁ ቁጥር መጥረቢያ ይታየኛል። አስካለ ሐዘኔን አየች። ከአፈሬ ጥቂት ዘግና በውኃና በጭድ አቦካችው፣ መዳፍ የሚያህል ጠፍጥፋ ፀሐይ ላይ አኖረችው። የቀረውን ነገ ታያለሽ አለችኝ።

ቅዳሜ

የቀረው የጭቃ ቤት ነው። ከቀበሌው ሱቅ ጀርባ ያለ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከጣሪያው የጭስ መውጫ የቆመለት። የጋራ መጋገሪያ ቤት ይሉታል። ውስጡ ከጭቃ የተሠራ ዙሪያው የተዘጋ ምድጃ አለ፤ እሳቱ የሚገባው በአንዲት ትንሽ አፍ ነው። ምጣዱ ከላይ ተለስኖ ተቀምጧል። ነበልባሉ ወደ ውጭ አይባክንም፤ ጭሱ በመውጫው ይሄዳል።

ምድጃው ጥሩ ነው። የገረመኝ ግን ምድጃው አይደለም። የመጀመሪያዋ ሴት አሟሽታ መጋገር ጀመረች። ስትጨርስ እሳቱ ሳይጠፋ ሁለተኛዋ ገባች፤ ከዚያ ሦስተኛዋ። በእኛ አገር እያንዳንዷ ቤት ምጣዷን ከቀዝቃዛ ታነሣለች፤ ግማሹ ማገዶ ምጣድ ማጋያ ነው የሚሆነው፤ የማሟሻዋንም እንጀራ ታበላሻለች። እዚህ ማሟሻው አንድ ነው። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ለተከታዮቹ እፍኝ ሰጋቱራና ጥቂት ቅጠል ይበቃል። ቀድማ የምታነደው በተራ ነው። እኔ ለራሴ ብቻ በማነደው ማገዶ መንደር ሲጋግር አየሁ።

ታዲያ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ሴቶቹ ሊጣቸውን የያዙት ሳይከድኑት ነው። ቡሃቃው አፉን ከፍቶ ተሰልፏል፤ ማንም ያየዋል። የአንዷ ጤፍ ነው፤ የአንዷ ዘንጋዳ፤ የአንዷ በቆሎ ከእርዳታ ስንዴ ጋር። እኛ ዘንድ ሴት ሊጧን ለጎረቤት ከምታሳይ ጓዳዋን ብታሳይ ይቀላታል። ያጣችው ታፍራለች፤ ያላት ዓይን ትፈራለች። እሳታችን አንድ ላይ ያልነደደው በዚህ ምክንያት እንደሆነ እዚያ ቆሜ ገባኝ። ይህ ቤት እኛ አገር ቢሠራ ማንም አይገባበትም።

እንዴት ሆነላችሁ ብዬ አስካለን ጠየቅሁ። ሰጋቱራ መጨመሯን ቀጠለች። ተራዋን የምትጠብቅ ዘነበች የምትባል ጎረቤቷ ግን ሳቀች።

"እሷ አትነግርሽም። እኔ ልንገርሽ። ይህ ቤት ተሠርቶ ዓመት ሙሉ የፍየል ማደሪያ ነበር። ቀበሌው ይለምናል፣ ይቆጣል፤ ማን ሊጡን ይዞ ይመጣል? ሁላችን በየጓዳችን ስናጨስ ነበር።"

"ሥራሽን ሥሪ፣ ዘነበች" አለች አስካለ።

"ሥራዬ ነው። ስሚ እንግዲህ። የዚህችኛዋ ባል የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። የሾፌር ሚስት ማኛ ጤፍ ነው የምትበላው ብለን ስንቀናባት ኖረናል። መኪናው ተገልብጦ ሲሞትም፣ ያስቀመጠችው አላት፣ አልን። እውነት ለመናገር፣ ሰላምታ ሁሉ ቀንሰንባት ነበር።"

አንድ ቀን አስካለ በጠራራ ፀሐይ ቡሃቃዋን ሳትከድን ተሸክማ፣ በመንደሩ መካከል አልፋ እዚህ ገባች። ፍየሎቹን አስወጣች፤ ጠረገች፤ አነደደች። ሴቶቹ ሊያዩ መጡ። ቡሃቃው ውስጥ የነበረው በቆሎ ብቻ ነው፤ ጤፍ የሚባል አልዞረበትም። ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቀረ። ዘነበች ይህን ስትነግረኝ ሳቋ ቆሟል።

"ምን አለች መሰለሽ? ዞር ብላ አየችንና፣ 'ምጣዱ ግሏል። ማን ይቀጥላል? እሳቱ ይቀዘቅዛል' አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔ ሮጬ ሄጄ የእኔን አመጣሁ። የእኔም በቆሎ ነበር።"

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ስለ ሊጥ አይወራም። ጥሩም መጥፎም አይባልም። የምትቀጥለዋን ሴት ሁሉም የሚላት ያንኑ ነው፤ ቀጥይ፣ እሳቱ ይቀዘቅዛል።

ተራው ደርሶ አስካለ ጋገረች። ያው ሐሙስ የበላሁት ጥቁር እንጀራ ነበር። አሁን ለምን ይቅርታ እንዳልጠየቀችበት ገባኝ።

እሑድ

ወርኃዊው የመድኃኔዓለም በዓል ነበር። ገና ሳይነጋ አስካለና እኔ ቀራንዮ ለኪዳን ሄድን። ቀድመን መሄዳችን፣ ከቅዳሴ በኋላ ቀበሌው ችግኝ የሚያጠጣበት የዘመቻ ቀን ስለሆነ ነው። ሲጀመር በሰንበት ይደረጋል ተብሎ ብዙ ሰው አዝኖ ነበር አለችኝ፤ በኋላ ሰዓቱ ተገፍቶ ተስማሙ። ቅጽሩ ሰፊ ነው፤ ዛፉም አለ። ከዛፎቹ ሥር ቆሜ የጥሩነሽን ስም አነሣሁ፤ ወልደ ሚካኤልንም አነሣሁ። ስለ ጽዶቻችንም ለመንኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለወታደሩ እምነት ቋጠርኩ።

ከዚያ ከሴቶቹ ጋር ውኃ ተሸክሜ ወደ ተዳፋቱ ወጣሁ። አስካለ ረድፏ ጫፍ ላይ ከነበሩት የጽድ ችግኞች ሁለቱን ከነአፈራቸው ነቅላ በቆርቆሮ ጣሳ ሰጠችኝ። ረድፉ ጎደለ እኮ ብላት፣ ጎጃም ድረስ ረዘመ እንጂ አልጎደለም አለችኝ። በዚያ ሁሉ ቀን የሰማሁት ረጅሙ ንግግሯ ነው።

ቤት ስንመለስ ፀሐይ ላይ ያኖርነው ጠፍጣፋ ጭቃ እንደ ባላገር ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። መሬታችን መረሬ ነው፤ ጥቁር አፈር ሲደርቅ እንደሚከፋፈል እየኖርኩበት ሳላስበው ከጓሮዬ ቆፍሬ ያን ሁሉ አገር መሸከሜ አሳፈረኝ። አስካለ ሰባበረችውና አየችው።

"ቀይ አፈር የላችሁም?" አለች።

የለንም ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ጥሩነሽን የቀበርንበት ቀን ታየኝ። ከጽዶቹ ሥር ጉድጓዱ ሲቆፈር የወጣው አፈር ቀይ ነበር። ዝናብ እየዘነበ ነበርና የሁላችንም እግር እንደ ደም ቀልቶ ነው ወደ ቤታችን የተመለስነው። አለን አልኳት።

ሰኞ

ንጋት ላይ አስካለና ዘነበች አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኙኝ። ዘነበች ቂጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ከምን እንደተጋገረ አልጠየቅሁም፤ ሳቀች። ከረጢቴ ባዶ ሆኖ በምትኩ ሁለት ችግኝ ታቅፌ ነበር። ፍቼ ላይ አንድ መምህር ወንበሩን ለችግኞቹ ለቀቀልኝ፤ ራሱ እስከ ጎሃ ጽዮን ቆሞ ሄደ።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወልደ ሚካኤልን ፈለግሁ። ሌላ ወታደር ነበር የቆመው። የቀደሙት ሄደዋል አለኝ። የቋጠርኩት እምነት ዛሬም ከዳዊቴ ጋር አለ። ስሙን በየዕለቱ አነሣለሁ፤ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።

ከዓባይ ወጥተን ከተማችን ስደርስ ደብሪቱ መንገዱ ላይ ጠበቀችኝ። እጇ ተቧጭሯል። ኩበቱ አልበቃም ነበር። አልተቆጣኋትም።

ከዚያ ወዲህ

ለጓድ አያሌው ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ የእበት ጋዙ ለእኛ እንደማይሆን አልሸሸግሁም። መጋገሪያ ቤቱን ግን በአንድ ሳምንት እንሠራዋለን አልኩት። አባ ገብረ ኪዳን ከቅጽሩ ውጭ፣ ከመቃብሩ በታች ካለው ጉብታ ቀይ አፈር እንድንወስድ ፈቀዱ፤ ራሳቸውም የመጀመሪያውን አካፋ ዛቁ። ሴቶቹ አቦኩ፤ ወንዶቹ ግድግዳውን አቆሙ። ምድጃው ሲደርቅ አልተሰነጠቀም። ችግኞቹን በጥሩነሽ መቃብር ግራና ቀኝ ተከልኳቸው።

ገና ሊገባ ሲል ቤቱ ተከፈተ። ጓድ አያሌው በሩ ላይ ቆመ። ሴቶቹ መጡ፤ እንደ ፈራሁትም ሁሉም ሊጣቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የመጡት። በግድግዳው ዙሪያ ቡሃቃቸውን በጉልበታቸው አቅፈው ተቀመጡ። እሳቱን አነደድኩ። ምጣዱ ጋለ። የሚነሣ የለም። በበሩ በኩል ጽዶቹ ይታዩኝ ነበር።

ስለ አስካለ ላወራላቸው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ወሬ እንደማይበቃ አወቅሁ። የራሴን ቡሃቃ ወደ መካከል አመጣሁና ገለጥሁት። የቄስ ልጅ፣ የማኅበር ተወካይ፣ የተማረች የምትሉኝ እኔ፣ በቡሃቃዬ የነበረው ዘንጋዳና የእርዳታ ስንዴ ነው፤ እሱም ቀጥኖ። አሟሸሁ፤ ጋገርሁ።  ስጨርስ ከምጣዱ ፈቀቅ አልኩ።

 ከዚያ ከጥጉ የተነሣችው ወይዘሮ ሙሉ ናት፤ የጓድ አያሌው ሚስት። የእርዳታው እህል እሷ ጓዳ ይገባል እየተባለች ስትታማ የኖረች ናት፤ እኔም ሐሜቱን ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ባሏን አየችው። እሱም አያት። ነጠላውን ገለጠችው።

የእሷ ሊጥ ከእኔ የከፋ ነበር። እንክርዳድ የበዛበት፣ ገብስ ሲበጠር የሚጣለው ብጣሪ ነው።

 ጓድ አያሌው ከበሩ ፈቀቅ ብሎ ወደ ጽዶቹ ዞረ፤ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አላሳየንም። ወይዘሮ ሙሉ ምጣዱ ፊት ቆማ ቀርታ ነበር። ደብሪቱ ከአጠገቤ ተነሣች፣ አንድ እፍኝ ቅጠል ወደ ምድጃው አፍ ጨመረች፣ ከኮልፌ ይዤላት የመጣሁትን ቃል ለወይዘሮ ሙሉ ያለቻት እሷ ናት፦

"ይቀጥሉ፣ እትዬ ሙሉ። እሳቱ ይቀዘቅዛል።"